በቤንዚን የማይለቅ ቀለም

ካርቱም፣ ቡሪ
ጥቅምት 9 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለዱዓ፣ ፖርት ሱዳን

ደብዳቤ ሲጀመር የሰው ጤና ይጠየቃል። አንቺ ግን ሰላምታውን ዘልለሽ «ፊትህ ላይ ያለው ምንድን ነው?» ብለሽ ጀመርሽ። የአስተማሪ ምግባር እንዲህ ከሆነ ተማሪዎችሽን እግዚአብሔር ይጠብቃቸው። የሁለታችንንም ሰላምታ እኔው ልጻፈው፦ እንደምን ነሽ? ደኅና ነኝ። አንተስ እንደምን ነህ? ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አሁን ወደ ጥያቄሽ እንሂድ።

ፎቶውን የላከልሽ ማግዲ እንደሆነ አውቄያለሁ። ሃያ ዓመት በአንድ ዱካን ስንሠራ፣ እሱ ቆርቆሮ ሲቆርጥና ሲበይድ፣ እኔ በቆረጠው ላይ ስጽፍ፣ አንድ ቀን እንኳ ፎቶ አንስቶኝ አያውቅም። ካሜራ ያለው ስልክ በገዛ በሳምንቱ የመጀመሪያ ሥራው እኔን ማሳጣት ሆነ። ከዛሬ ጀምሮ አብሬው ሻይ አልጠጣም ብዬው ነበር፤ ሻዩን የሚያፈላው እሱ ስለሆነ ግን ውሳኔዬን አንስቻለሁ።

በግራ ዓይኔ ጥግ ያየሽው ነገር ቀለም ነው። አል-ሳሃፋ ላለ ልብስ ሰፊ ታፔላ ስጽፍ የተረጨ ቀይ ቀለም። ይኸው ነው።

ከላይ ያለውን ጽፌ ወረቀቱን ትቼ ወጣሁ፤ ስመለስም እዚያው ጠበቀኝ። በስልክ ቢሆን ውሸቱ እስካሁን ተረስቶ ነበር። ለዚህም ይመስለኛል ስልኩ ለዓረብኛ፣ ደብዳቤው ላማርኛ ይሁን ብለሽ ስትለምኚኝ እሺ ያልኩት፤ አሁን ጸጸተኝ።

እውነቱ እንዲህ ነው። ቀለም መሆኑን እኔም አምኜ ነበር። ለሁለት ወር ያህል ማታ ማታ ሥራ ስጨርስ እጄን በምጠርግበት የቤንዚን ጨርቅ እፈትገው ነበር። ትንሽ ይደማል፣ ቅርፊት ያበጃል፣ ቅርፊቱ ይነሣል፣ ከሥሩ ያው ቀይ ይወጣል። «ይሄ ቀለም ጥሩ ነው፣ ከየት ነው የገዛነው?» ብዬ ማግዲን ጠየቅሁት። ማግዲ ጠጋ ብሎ አየና «እኛ እንዲህ ዓይነት ቀይ የለንም» አለኝ። ከዚያ በኋላ መሰለኝ ፎቶውን ያነሣኝ።

ሌሎቹማ የቆዩ ናቸው። በጆሮዬ ጫፍ፣ በአንገቴ፣ በእጄ ጀርባ እንደ አሸዋ ወረቀት የሚሻክሩትን ልጅ ሆነሽ በጣትሽ ስትቆጥሪያቸው አልነበር? እናትሽ የኔነሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከመተማ ወዲህ ስንሻገር ቀን ቀን ነጠላዋን ደርባብኝ ነበር። ከሰባት ልጆች ነጭ ሆኜ የተወለድኩት እኔ ብቻ፤ ነጠላዋም አንድ ብቻ። እዚህ ስንደርስ የሰፈሩ ሰው ኸዋጃ፣ ፈረንጅ፣ ብሎ ስም አወጣልኝ። ፈረንጁ ግን ሠላሳ ሰባት ዓመት በካርቱም ፀሐይ መሰላል ላይ ቆሞ የሌሎችን ስም ሲጽፍ ኖረ። ኮፍያ አደርጋለሁ፤ ቀና ስል ኮፍያው ይወድቃል። ታፔላ ደግሞ ቀና ሳይሉ አይጻፍም።

ሌላ እርማት፦ «ጨረቃው ወጣ» ብለሽ ጽፈሻል። በዓረብኛ ወንድ ቢሆንም ባማርኛ ጨረቃ ሴት ናት፤ «ወጣች» ነው። እኔንም «አንተ» ብለሽኛል። ዓረቦች እርስዎ የሚባል ስለሌላቸው ይቅር ብዬሻለሁ። እንዲያውም ልማዴ ሆኗልና እንዳትተዪው።

ይህን የአውቶቡሱ ሾፌር ኢሳ ያደርስልሻል።

አጎትሽ ቀጸላ


ፖርት ሱዳን
ጥቅምት 25 ቀን 2007

ኻሊ ቀጸላ፣

እንደምን ነህ፣ እኔ ደኅና ነኝ፣ ሰላምታ ኻላስ ጨረስኩ።

ቤንዚን?! ኻሊ፣ ዋላሂ አለቀስኩ፣ ከዚያ ሳቅኩ፣ ከዚያ እንደገና አለቀስኩ። ፎቶውን ለትምህርት ቤታችን ነርስ አሳየኋት። እሷ ብዙ የምታወራ ሴት ናት። ያን ቀን ግን ፎቶውን አየች፣ ስልኩን መለሰችልኝ። ከዚያ «ወንድ ልጅ የለውም? ሚስት የለውም?» አለችኝ። የለውም፣ እኔ ብቻ ነኝ ያለሁት፣ አልኳት። «እንግዲያው አንቺ ንገሪው» አለች።

እኔም እነግርሃለሁ። ከወንዙ ማዶ፣ ባሕሪ ከተማ ውስጥ የቆዳ ዶክተራ አለች፣ ዶክተራ ኸዲጋ ትባላለች። ማግዲን ደወልኩለት፣ ማውዒድ፣ ቀጠሮ ማለቴ ነው፣ ይዞልሃል። ማክሰኞ ነው። በኩብሪው፣ በድልድዩ፣ ላይ ዘሕማ፣ የመኪና ግርግር፣ ስላለ በጧት ውጣ። ሥራ አለኝ አትበል። ደንበኛ ይጠብቃል አትበል። ማግዲ ዱካኑን ይዘጋል፣ ተስማምተናል።

እኔ እንድመጣ ከፈለግህ እመጣለሁ። ስምንተኛ ክፍሎቼ በመጋቢት የመንግሥት ፈተና አላቸው፣ ሙዲራዋ፣ ርእሰ መምህሯ፣ ፈቃድ አትሰጥም፣ ግን እመጣለሁ።

ስትመለስ ሁሉን ጻፍልኝ። ቀልዱን አሳጥረው።

ዱዓ


ቡሪ
ኅዳር 17 ቀን 2007

ለዱዓ፣

አዎ፣ ሄድኩ። አይ፣ አልፈራሁም። አዎ፣ ኮፍያዬን አውልቄያለሁ፤ ሸሚዜንም ጭምር። ማግዲ ከውጭ እንዲቀመጥ ተነግሮት ከውስጥ ተቀምጧል፤ ስለዚህ ብዋሽ ምስክር አለብኝ። መምጣትሽን ግን አልፈልግም። አርባ ልጃገረዶች ለፈተና ተቀምጠው አስተማሪያቸው የአጎቷን ኪንታሮት ልታይ ሄደች ሊባል ነው?

ዶክተራ ኸዲጋ አጭር ሴት ናት፤ መነጽሯ ከፊቷ ይሰፋል። ትልቅ መብራት አብርታ ከአናቴ እስከ ወገቤ እንደ ካርታ አነበበችኝ። ወረቀት ላይ የታተመ ባዶ ሰው አላት፤ ፊት የለውም፣ ጸጉር የለውም። ያገኘችውን ሁሉ እሱ ላይ በብዕር ትከባለች። ሃያ ሦስት ክብ ቆጠርኩ። ክቦቿ የተስተካከሉ አልነበሩም፤ ነገርኳት።

«ያ ኻል፣ ይሄንን የዓይንህን ምን ስትቀባው ነበር?»

ነገርኳት። ብዕሯን አስቀመጠች።

«ፊት በቤንዚን ይታጠባል?»

«መኪና ይታጠባል፤ እኔ ምን አጎደልኩ?»

«ያ ኸቢስ!» ብላ ሳቀች። ይኸው፣ ባሕሪም ቡሪ የሚጠራኝን ስም አወቀው። ተንኮለኛ መባል በዚህች ከተማ ሁለተኛ ስሜ ነው፤ መታወቂያዬ ላይ ቢጽፉት ደስ ይለኛል።

የሚሻክሩትን ትንንሾቹን ምን አደረገቻቸው ላልሽው፦ ጭስ የሚያወጣ ብርድ ካንድ ጠርሙስ ነፋችባቸው። ሲነካሽ እንደ እሳት ነው፤ ብርድ ሆኖ እሳት። ባንድ ሳምንት ውስጥ ጠቁረው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሥተዋል። ለአንዳፍታ ቢሆንም ጥቁር ሆኜ አየሁት።

የዓይኔን ግን በብርድ አልነካችውም። የማደንዘዣ መርፌ ወጋችኝና የምስር ክክ የምታህል ቆርሳ ጠርሙስ ውስጥ ጨመረች። «ለላብራቶሪ ነው፤ በሁለት ሳምንት ተመለስ» አለች። ስትቆርሰው አትቀልድም ነበር። ሲያልቅ «ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ፤ ሦስት ወር አልኳት። ማግዲ ከበሩ አጠገብ «ዓመት አልፎታል» አለ። ለዚህ ነው ከውጭ መቀመጥ የነበረበት።

ትልቅ ባርኔጣ፣ እጀ ረጅም ሸሚዝ፣ የፀሐይ ቅባት አዛለች። ከረፋዱ እስከ አሥር ሰዓት መሰላል ላይ እንዳልወጣም ከለከለችኝ። ታፔላ ጻፊን ይህን ካልሽው የቀረው መቀመጥ ነው።

አጎትሽ


ቡሪ
ታኅሣሥ 7 ቀን 2007

ለዱዓ፣

ስልኬን የዘጋሁት ተበላሽቶ ነው። አዎ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ። አዎ፣ ማግዲም ስልኩ ተበላሽቷል። እንደዚህ ያለ ወረርሽኝ ነው።

ውጤቱን ጠይቀሻል። ሄጄ ነበር። ወረቀቱን ከፖስታው አውጥታ አነበበች፤ እንደገና አነበበች። ከዚያ መነጽሯን አነሣችና «ያ ኻል፣ ዲ ኸቢሳ» አለችኝ። እኔም «አንቺ ደግሞ ከኔ ትብሻለሽ!» ብዬ መለስኩላት። አልሳቀችም፤ ሥራ በዝቶባት ይሆናል፤ ኮሪደሩ ሰው እንደ ቄጠማ ተነጥፎበታል። ወረቀት ጻፈችልኝ። ወደ ትልቁ ሆስፒታል፣ የቀዶ ሕክምና ክፍል ይላል። ሐኪሞች እርስ በርስ ወረቀት መላላክ ይወዳሉ፤ እኛ ደብዳቤ እንደምንላላከው መሆኑ ነው። መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። በዚህ ሳምንት መሄድ አልቻልኩም።

ምክንያቱን ልንገርሽ፤ ደስ ይልሻል። ሰዉ ሁሉ በማሽን የታተመ ፕላስቲክ መስቀል ከጀመረ ወዲህ የእጅ ጽሑፍ የሚፈልግ ጠፍቷል። ባለፈው ወር ያገኘሁት ሥራ የአንድ አህያ ጋሪ ታርጋ ብቻ ነበር፤ አህያው እንኳ አላመሰገነኝም። አሁን ግን ባሕሪ ያለ አንድ የዱቄት ፋብሪካ የአጥሩን ግድግዳ በሙሉ በእጅ አስጽፋለሁ ብሎ ጠራኝ። ሠላሳ ሜትር! አንዷ ፊደል ከኔ ትረዝማለች። ትንንሹን የማያይ ዓይኔ እንደዚህ ያለውን ሲያገኝ እንዴት እንደሚደሰት አታውቂም። ግድግዳው ወደ ምዕራብ ይዞራል፤ ጧት ጧት ጥላ አለው፤ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ያስቸግራል።

ግድግዳውን ስጨርስ ሆስፒታሉን እሄዳለሁ፣ ኢንሻላህ።

የዓይኔ ነገር ትንሽ ጨምሯል። የተቆረሰበት ስለሆነ ነው።

ባለፈው ደብዳቤሽ ላይ አንድም ስሕተት አላገኘሁም። ሰው አስጽፈሽ ነው ወይስ ተናደሽ?

አጎትሽ


ፖርት ሱዳን
ታኅሣሥ 19 ቀን 2007

ለአቶ ቀጸላ፣

ጤና ይስጥልኝ።

እርስዎ ጨረቃ ሴት ናት ብለው አርመውኛል። ዛሬ እኔ ዓረብኛ አርምዎታለሁ፤ ሥራዬ ነው።

ዶክተራዋ ያለችዎትን ቃል በቃል ጽፈውልኛል፤ አመሰግናለሁ። «ዲ ኸቢሳ።» «ዲ» ለሴት ነው። «ኸቢሳ» ለሴት ነው። እርስዎ ሴት ነዎት? እርስዎን ተንኮለኛ ለማለት ብትፈልግ «ኢንታ ኸቢስ» ትል ነበር፤ መጀመሪያ ቀን «ያ ኸቢስ» እንዳለችው። ሦስተኛ ክፍል ልጅ ይህን አይሳሳትም። ፊትዎ ላይ ያለው ቡቅዓ፣ ቦታው፣ ነው በዓረብኛ ሴት የሆነው። ስለሱ ነው የተናገረችው።

ሐኪም ወረቀት እያነበበ ኸቢስ ሲል ተንኮለኛ ማለቱ አይደለም። ሰረጣን ማለቱ ነው። ካንሰር። ይህን እርስዎ አያውቁም? እናቴ ስትታመም ጎረቤቶቹ በሩ ላይ ቆመው ድምፃቸውን ቀንሰው «አል-መረድ አል-ኸቢስ»፣ ክፉው በሽታ፣ ሲሉ ማን ነበር የሚሰማቸው? እርስዎና እኔ አልነበርንም?

ዶክተራዋን ደውዬ አነጋገርኳት። «እየሳቀ ወጣ፤ ከኋላው ጠራሁት፤ እጁን እያወዛወዘ ሄደ» አለችኝ። ወዲያው መቆረጥ ነበረበት፤ አንድ ሳምንት እንኳ መጠበቅ አልነበረበትም፣ አለችኝ። እርስዎ ግድግዳ ሲጽፉ ነበር።

ማግዲ ስልኩ ድኖለታል። ቅዳሜ ጧት ይወስድዎታል። ካልሄዱ አርባዎቹን ልጆች ትቼ እሑድ እዚያ ነኝ፤ ሥራዬንም ሙዲራዋ ትውሰደው።

ዱዓ


ቡሪ
ጥር 4 ቀን 2007

ለዱዓ፣

እርስዎሽ ደረሰኝ። ኢሳ ፖስታውን ሲሰጠኝ እንደወትሮው ቆሜ ከፈትኩት፤ ተቀምጬ ጨረስኩት። ሁለተኛ እንደዚያ አትጥሪኝ። ስድብ ብትጽፊልኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ ሄጃለሁ። ማግዲ እጄን ይዞ ነው የወሰደኝ፤ እንደ ሌባ።

ሰዋስውሽ ትክክል ነው። አሁን የምጽፈውን ግን ለማግዲም አልነገርኩትም። ሰምቻት ነበር። «ዲ» ስትል ሰማሁ፤ «ኸቢሳ» ስትል ሰማሁ፤ ምን ማለት እንደሆነም አወቅሁ። እናትሽን ያስታመምኩ እኔ እንዴት አላውቅም? አውቄ እንደተቀመጥኩ አፌ ቀድሞኝ ቀለደ። ቀልዱ ከወጣ በኋላ ደግሞ ሌላው ትርጉም ደስ አለኝ። ከወንበሩ እስከ በሩ ስድስት እርምጃ ነው። በሩን ስከፍት ዶክተራዋ የሰደበችው እኔን ነበር፤ በቃ፣ እንደዚያ ወሰንኩ። ኩብሪው ላይ ስደርስ ራሴም አምኜው እየሳቅኩ ነበር። ለማግዲ ስነግረው እሱም ሳቀ። ሁለት ሰው ከሳቀበት በኋላ እውነት ይመስላል።

ለምን ብለሽ ትጠይቂኛለሽ። ሰው መንገድ ላይ ሲያየኝ ከመሳቁ በፊት እኔ ቀድሜ እያሳቅሁት ነው እዚህ ዕድሜ የደረስኩት። ሌላ ሙያ አልተማርኩም። ታፔላውንም ቢሆን ከሰው ታፔላ እያየሁ ነው የለመድኩት።

ስለ ቀዶ ሐኪሙ የጠየቅሽውን ልመልስ። ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ አይስቅም። ሥሩ ወደ ዓይኔ ጉድጓድ ገብቷል። ዓይኑን ለማዳን ዳር ዳሩን ቢቆርጥ ይመለሳል፤ ከነዓይኑ ቢያወጣው ሊቆም ይችላል። «ሊቆም ይችላል» ነው ያለው፤ «ይቆማል» አላለም፤ እንዳላሳስትሽ ብዬ ቃሉን ጻፍኩልሽ። በታኅሣሥ መጀመሪያ ብመጣ ኖሮስ? አልኩት። ወረቀቱን ገለጠ።

የሚወጣው የግራው ነው። ሁለቱም ከልጅነቴ የደከሙ ናቸው፤ ፊደል የሚለየው ግን ግራው ነው። በቀኙ ሰው መምጣቱን አያለሁ፤ ማን እንደሆነ አላይም። ግድግዳው ላይ አራት ፊደል ይቀረኛል። ማግዲ መስመሩን ይዞልኝ ነገና ከነገ ወዲያ፣ በጥላ ሰዓት፣ እጨርሰዋለሁ። አትቆጪ። የመጨረሻዬ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

ሐኪሙ ሊያሰናብተኝ ሲል ጣቶቹን ከመንጋጋዬ ሥር አስገብቶ ወደ ታች ዳሰሰኝ። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ፤ ወደዚያው ተመለሱ። ምንድን ነው አላልኩትም።

ቀኑ ጥር 20 ነው። አትምጪ። እኔ የምተኛው ቢበዛ አሥር ቀን ነው፤ ልጆቹ ግን አንድ ዓመት የደከሙበት ነው። ይህ ቀልድ አይደለም፤ እለምንሻለሁ።

አጎትሽ


ቡሪ
የካቲት 1 ቀን 2007

ለዱዓ፣

ይህን የምጽፈው እኔ በለጡ ነኝ፤ ከግድግዳው ወዲያ ያለችው፣ ልጅ ሆነሽ ቲማቲሟን ትሰርቂባት የነበረችው ጎረቤታችሁ። አጎትሽ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። የራስሽን እንዳትጨምሪ ብሎኛል።

«እንደምን ከረምሽ? እኔ ደኅና ነኝ። ቀዶ ሕክምናው መልካም ሆነ። ሆስፒታሉ ንጹሕ ነው፣ ምግቡ ጨው የለውም። የፊቴ መጠቅለያ ትልቅ ስለሆነ ከአጠገቤ የተኛው ሽማግሌ ከመካ የመጣሁ መስሎት ሐጂ ይለኛል። ትላንት ቤቴ ገብቻለሁ። ሕመም ብዙም የለም።»

ሕመም አለ። ክኒኑ ሰዓቱ ሳይደርስ ያልቅበታል። አሁን ምን ጻፍሽ ይለኛል፤ ያልከውን ነው እለዋለሁ።

«ዓይኑን አውጥተውታል። እንደተባለው ነው፤ አዲስ ነገር የለም። ከጆሮዬም ጫፉን ቆርጠዋል። ከአንገቴም ትንሽ ነገር አውጥተው ለምርመራ ልከዋል።»

ትንሽ ነገር አይደለም። ከጆሮው ሥር እስከ ትከሻው አጥንት ድረስ ተሰፍቷል። ንፍፊቶቹን ነው ያወጡት። ውጤቱ በየካቲት መጨረሻ ነው። ይህን ለሷ ጻፍሽ ወይ ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ፤ እንዲጻፍ ይፈልግ ወይም እንዳይጻፍ ይፈልግ አልገባኝም። ስለዚህ ጻፍኩት።

«በለጡ ፊደሏ የዶሮ ጭረት መሆኑን ማግዲ ነግሮኛል። ይቅርታ አድርጊላት። ስለ ፈተናው ጻፊልኝ። ስንቶቹ ያልፋሉ?»

ትላንት መስተዋት አምጪ አለኝ። የለኝም አልኩት። ባለቤቴ የሚላጭበት ግድግዳችን ላይ እንዳለ ያውቃል፤ አለሽ አላለኝም።

ዱዓ፣ እኔ ነይ ብዬ ለመጻፍ መብት የለኝም። ሾርባ ግን ለአንድ ሰው ብቻ አይፈላም፤ ሁሌ ይተርፋል።

በለጡ፣ ስለ አጎትሽ


ፖርት ሱዳን
መጋቢት 2 ቀን 2007

ኻሊ፣

ማግዲ ውጤቱ ወጥቷል አለኝ፣ ምን እንደሚል ግን አልነግርሽም ብሎ ማለልኝ። አንተ አስምለኸው ነው።

ፈተናው መጋቢት 17 ያልቃል። የጠየቅኩህን ብቻ መልስልኝ። የአንገትህ ወረቀት ምን ይላል? ዶክተራ ኸዲጋ ምን አለች? በራሷ ቃል። በለጡ እንዳትጽፈው፣ አንተ ጻፈው። ትልቅ አድርገህ ጻፍ፣ አሥር ወረቀት ቢፈጅም።

ዱዓ


ቡሪ
መጋቢት 14 ቀን 2007

ለዱዓ፣

ይህን የምጽፈው በቀኝ ዓይኔ ነው። ማግዲ የታፔላውን ብሩሽ ሰጥቶኛል፤ በእርሳስ አይታየኝም። በአንድ ወረቀት ሰባት መስመር ይገባል። መስመሩ ወደ ታች ቢወርድ አትሳቂ፤ ማግዲ ያቀናው ነበር፣ ምን እንደምጽፍ እንዳያይ ግን አስወጥቼዋለሁ።

ከአንገቴ ዘጠኝ ንፍፊት አወጡ። አራቱ ውስጥ አለ።

ዶክተራ ኸዲጋ ዘንድ ሄጄ ወረቀቱን እንድታነብልኝ ጠየቅኳት። አነበበችልኝ። «አሁንስ ገባህ?» አለችኝ። ደግሜ በራሴ አፍ ነገርኳት፤ ወደ አንገትህ ወርዷል፣ ጨረር ይሰጥሃል፣ ጨረሩ ያዘገየዋል፣ አያድንህም። «ትክክል ነው» አለችኝ። ስንት ጊዜ ቀረኝ አልኳት። «አላውቅም፤ ዓመት ከሞላህ ጥሩ ነው» አለች። ጠረጴዛዋን አልፋ መጥታ አጠገቤ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ብዙ ሰው እየጠበቃት ነበር፤ አልተነሣችም። እኔም ምንም ነገር አልቀለድኩም፤ መጀመሪያ ግን የሚቀለድ ነገር ፈልጌ ነበር።

ብትጠይቂኝ፣ ታኅሣሥን ነው የማስበው። ስድስት ሳምንት ነው። ያኔ ቢቆረጥ ኖሮ ወደ አንገቴ ይወርድ ነበር ወይ ብዬ ሐኪሙን ሁለተኛ አልጠየቅሁትም። አንቺም አትጠይቂው።

ጨረሩ መጋቢት 25 ይጀመራል። በየቀኑ ነው፣ ለአምስት ሳምንት። ማግዲ በየቀኑ ሊወስደኝ አይችልም። በለጡም የምታስተዳድረው ቤት አላት። ሰበብ እየፈለግሁ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፤ ሰበቡ ባይኖርም እጽፈው ነበር።

ነይ።

ፈተናው እንዳለቀ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ያዢ፤ ኢሳ ከፊት ያስቀምጥሻል። ቁልፍ አያስፈልግሽም፤ በሩ ክፍት ነው። አልጋዬ ከመስኮቱ ሥር ነው። ስትገቢ በቀኜ በኩል ዙሪና ቅረቢ። ከበሩ ላይ ቆመሽ ዝም ብለሽ አትዪኝ፤ ሰው መሆንሽን ብቻ ነው የማውቀው። ስምሽን ተናገሪ።

አጎትሽ ቀጸላ